ላስተማራችሁን ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን

ወገኖቼ፣ ታናሽ እህቴ በሰጠችኝ ኩላሊት ይኸው በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ። እሷም ደህና ናት፤ ሥራዋን ጀምራለች። በጸሎት ያሰባችሁን፣ ለኩላሊት እጥበት ያዋጣችሁልን፣ እማዬን ብቻዋን ያላስቀራችሁ የዕድራችን ሰዎች፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

ዛሬ ግን በተለይ የማመሰግናቸው ያስተማሩንን ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ነርሶችና ሐኪሞች! ማዕከሉ በ2008 ዓ.ም. ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥራ ሲጀምር፣ ንቅለ ተከላ ማለት አገር ጥሎ መሄድ ነበር። ለኛ የተሰጠን ኩላሊት ከዘመድ የመጣ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ብቻውን ቢማር አይበቃም፤ ቤቱ ሁሉ መማር አለበት።

እማዬ «ሁለቱንም ልጆቼን ላጣ ነው» ብላ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ሲስተር አጠገቧ ቁጭ ብላ ወረቀት ላይ ሣለችላት። ሁለቱን ኩላሊቶች ከወገብ ከፍ አድርጋ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ ታች ብሽሽት አካባቢ። «የታመሙት ብዙ ጊዜ አይወጡም እናቴ፣ አዲሷ እዚህ ትገባለች» አለቻት። እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ ወልዳ ትስማለች?» ሲስተር አላድበሰበሰችም። መውለድ ትችላለች፣ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጊዜ ሰጥታ ማርገዝ አለባት፣ በእርግዝናዋም ደም ግፊቷን በደንብ የሚከታተል ሐኪም ያስፈልጋታል አለች። እማዬ ያን ቀን ምሳዋን በላች።

እህቴን ለብቻዋ አስገብተው የነገሯትን በኋላ ነው የሰማሁት። «ሐሳብሽን ብትቀይሪ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መብትሽ ነው፤ ምክንያቱን ለቤተሰብ አንናገርም» ብለዋታል። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ፈቅዳ እንደሰጠችኝ እርግጠኛ የሆንኩት ያኔ ነው።

እኔን ደግሞ ሰውነቴ አዲሷን ኩላሊት እንዳይገፋ የበሽታ መከላከያውን የሚያዳክሙትን መድኃኒቶቼን በስማቸው እስክጠራ አልለቀቁኝም፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን። ለምርመራ ደም በምሰጥበት ጠዋት ታክሮሊመሱን ይዤ እሄዳለሁ እንጂ አልውጥም፤ የሚለካው ከመዋጡ በፊት በደሜ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ነው። ካነሰ ሰውነት ኩላሊቷን ይገፋታል፣ ከበዛ ራሱ መድኃኒቱ ይጎዳታል። ጥሬ ሥጋ ቀርቷል። የባህል መድኃኒትም ሳልጠይቅ አልነካም። «ተፈውሰሃል ብለህ ክኒኑን እንዳታቋርጥ፣ ኩላሊቷ እስከሠራች ድረስ ትወስዳለህ» ብለውኛል። የንስሐ አባቴም «መድኃኒቱንም የሰጠህ እሱ ነው፣ እንዳታቆም» ብለው አገዙኝ። አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እጥበት ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያልገባችሁን ሐኪሞቻችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ቤተሰቦቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ስልኬ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ ያለፍኩበትን እነግራችኋለሁ። እናቶቻችሁን ደግሞ እማዬ ታነጋግርልኛለች።