ለአራት ቀን ማልታ ሁለት ሻንጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች

ባለፈው እትማችሁ ለአጭር የማልታ ደሴት ዕረፍት ምን ምን መያዝ እንዳለብን ያወጣችሁትን ዝርዝር አነበብኩት። ሦስት ዓይነት ጫማ፣ የማታ ልብስ፣ ትልቅ ፎጣ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ብቻ ምን የቀረ ነገር አለ! ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የሰርግ ጓዝ እንጂ የአራት ቀን ዕረፍት ዕቃ አይደለም። ድሮም እኛ ሻንጣ ላይ ልክ አናውቅም። አዲስ አበባ ስንሄድ 23 ኪሎውን ሁለት ጊዜ ሞልተን፣ የሰው ዕቃ ደራርበን፣ ሚዛኑ ላይ እየተጨቃጨቅን መሄድ ስለለመድን ማልታም ስንሄድ እጃችን አያርፍም። ማልታ ላይ ግን ሽቶና ጫማ የሚጠብቅ አክስት የለም።

የኔ ክርክር አንድ ነው። ለአጭር ጉዞ ሻንጣ ማዘጋጀት የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ወቅቱ፣ ከዚያ የምታድሩበት ቦታ። እነዚህ ሲያልቁ ምን እንደሚያዝ በራሱ ይታወቃል። ጽሑፋችሁ ግን ስለ ወረቀት አንድ መስመር የለውም፤ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ ግማሹ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ነው።

እስቲ እኔ ልጻፈው። ማልታ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ናት፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ እንደኔ ጀርመን ወይም ስዊድን፣ ጣሊያንም ቢሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ ቪዛ ሳይጠይቅ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ግን ፓስፖርቱንም ካርዱንም መያዝ አለበት። በረራው እዚሁ አውሮፓ ውስጥ ነው ብሎ ካርዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ስንት ሰው አለ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው በያዘው ወረቀት መውጣት አይችልም። ካርዱ አልቆ የማራዘሚያ ወረቀት ብቻ በእጁ ያለ ደግሞ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ይጠይቅ፤ የጓደኛ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ለንደን ወይም ዱባይ የምትኖሩና ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ የሆነ፣ የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ሼንገን አያስገባም፤ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ በጣም ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት።

ስምም አለ። የኛ የአባት ስምና የአያት ስም ጉዳይ መቼም አያልቅም። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፣ ፊደል በፊደል፤ ፌስቡክ ላይ ያለው ወይም ሥራ ቦታ የሚጠሯችሁ አይደለም። ርካሽ አየር መንገዶች ስም ለማስተካከል የሚጠይቁት ገንዘብ አንዳንዴ ከቲኬቱ ይበልጣል።

ወቅቱን በተመለከተ ጽሑፋችሁ «በጋ» ብሎ አልፎታል። ጁላይና ኦገስት ማልታ ይጋገራል፣ ሰዉም ይተራመሳል። ሜይና ጁን፣ ወይም የሴፕቴምበር መጨረሻ ብትሄዱ ይሻላል፤ ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ ሙሉውን በጋ ሲሞቅ ከርሞ ስለሚጠብቃችሁ ለመዋኘት ከሜይ ይመረጣል። ቲኬቱ ረከሰ ብላችሁ ጃንዋሪ ላይ የምትሄዱ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ያዙ። ብዙው ቤት ማሞቂያ የለውም፣ ድንጋዩ እርጥበት ይዞ ቤት ውስጥ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። የሐዋርያት ሥራ 28 ላይ መላጥያ የተባለችው ደሴት ይቺው ማልታ አይደለች? ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ሲወጣ የአገሩ ሰዎች እሳት ያነደዱለት በዝናቡና በብርዱ ምክንያት ነው፤ መጽሐፉ ራሱ ተናግሯል። ፌብሩዋሪ 10 ያን ቀን ያከብራሉ፣ ሥራም ዝግ ነው።

ለምትጾሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ኦገስት 15 እዚያ የሳንታ ማሪያ በዓል ነው። እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት በርችትና በማርሽ ባንድ ሲያከብሩ እኛ ገና ፍልሰታ ላይ ነን። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ማልታዎቹ ራሳቸው ጎዞ ወደምትባለው ሁለተኛዋ ደሴታቸው ስለሚጎርፉ ጀልባው ላይ ቦታ አይገኝም። ያን ሳምንት ብትተዉት ጥሩ ነው። ካልሆነም አትራቡም፤ ቢጊላ የሚባል ከደረቅ ባቄላ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት የሚሠራ ነገር አላቸው፣ ለኛ አፍ እንግዳ አይደለም። ፍቲራ የሚሉትን ዳቦ ያለ ቱና በሉ፣ በቲማቲምና በወይራ ይሰጧችኋል።

የማደሪያውን ቦታ የሚወስነው ምን እንደምትፈልጉ ነው። ዋናው ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቅ የሚባል የለም፤ ግን መንገዱ ይጨናነቃል፣ አውቶቡሱም ሲሞላ ትቷችሁ ያልፋል። ማታ መተኛት የሚፈልግ ሰው ፓቸቪል አካባቢ አይያዝ፤ እዚያ እስኪነጋ ይጨፈራል። ዋና ከተማው ቫሌታ ማታ ጸጥ ይላል፣ ማዶ ወዳለችው ስሊማም በጀልባ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን ደጋ አድጋችሁ ዋና የማታውቁ ከሆነ መሊሃ ያዙ። አዲራ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋማ ነው፣ ውሃውም ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የለውም። ስሊማ ግን ድንጋይ ነው፤ በመሰላል ወርዳችሁ ቀጥታ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ አትግቡ፣ ክርክር የለውም። መኪና መከራየቱን ለአራት ቀን አልመክርም፤ የሚነዳው በግራ ነው፣ ማቆሚያም የለም።

አስቀድሞ መመዝገብ ያለበት ሁለት ነገር አለ። ሃይፖጂየም የሚባለው ከመሬት በታች የተፈለፈለ ጥንታዊ መቃብር በቀን ከ80 ሰው በላይ አያስገባም፤ ሳምንታት ቀድማችሁ ካልያዛችሁ እርሱት። ኮሚኖ የምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ያለው ብሉ ላጉን የሚባል መዋኛም ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ተመዝግቦ ሆኗል። ጎዞ ግን ምዝገባ አይፈልግም፤ ከቺርኬዋ ወደብ ጀልባው 25 ደቂቃ ነው፣ የሚከፈለውም ስትመለሱ ነው። ጎዞ ላይ ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድም ጅጋንቲያ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በነገራችን ላይ ከጽሑፋችሁ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ያለው የድንጋይ ቅስት ማርች 2017 በማዕበል ፈርሶ ባሕር ገብቷል። አንባቢ እሱን ፍለጋ እንዳይሄድ ብትናገሩ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው። አንድ የእጅ ሻንጣ። መጠኑን አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ በሜትር ለኩት፣ አንዱ የፈቀደውን ሌላው በር ላይ ያስከፍላል። ጫማ ሁለት፦ አንዱ የማያንሸራትት የእግር መንገድ ጫማ፣ የቫሌታ መንገድ ደረጃና የለሰለሰ ድንጋይ ስለሆነ፤ ሌላው ውሃ ውስጥ የሚገባ የላስቲክ ጫማ። ቀጭን ተረከዝ ያለውን ቤት ተዉት። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ወለሉ በሙሉ የእብነ በረድ መቃብር ስለሆነ በሱ አያስገቡም፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ እዚያ ነው ያለው፣ ሳያዩት መመለስ ያስቆጫል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ዝርዝራችሁ ውስጥ ነጠላ አለመኖሩ ነው። አንድ ነጠላ አውሮፕላን ላይ ትከሻ ታሞቃለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ታስከብራለች (ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም)፣ ባሕር ዳር ከፀሐይ ትከልላለች፣ ታጥባ በአንድ ሰዓት ትደርቃለች። ለሻርፕ፣ ለካፖርትና ለፎጣ ሦስት መስመር ከምታባክኑ እሷን ብትጽፉ በቂ ነበር።

የሶኬት መቀየሪያ አትርሱ፣ ማልታ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው። ዩሮ ይጠቀማሉ፣ እንግሊዝኛ አብዛኛው ሰው ይናገራል። የጤና ኢንሹራንስ ካርዳችሁን ያዙ፣ ጀርባው የአውሮፓ ካርድ ከሆነ እዚያም ይሠራል። የቧንቧ ውሃው አይጎዳም፣ ብዙው ግን ከባሕር የተጣራ ስለሆነ ጣዕሙ አይስብም።

ምግብ መያዝ ለማትተዉ፦ በርበሬና ሽሮ ዱቄት ስለሆኑ በእጅ ሻንጣ ያልፋሉ። አዋዜና ቅቤ ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፣ ብዙ አየር ማረፊያ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይጣላል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣ ሰው ደግሞ ቋንጣና ቅቤ ጨርሶ አይያዝ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ የሥጋና የወተት ውጤት ይወረሳል። ጀበና የሚይዙም አውቃለሁ። ለአራት ቀን! በእነሱ ላይ ምንም አልልም።

ለማንኛውም፣ በሚቀጥለው እትም የቪዛውን ጉዳይ ለእንግሊዝና ለአረብ አገር አንባቢዎቻችሁ ለብቻው አውጡት፣ ከበጋው ቲኬት ሽሚያ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ፎቶውንም ቀይሩት።

አንባቢያችሁ፣ ከፍራንክፈርት