የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ፦ ችግኝን በጋ ማሻገር

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን የያዘው ሥራ አንድ ነበር፤ ሐምሌ ላይ በግቢው የተተከሉትን ችግኞችና ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለውን የጓሮ አትክልት መደብ በጋውን አሻግሮ ለሰኔ ዝናብ ማድረስ። አዳማ ላይ ይህ በቀላሉ የሚገፋ ሥራ አይደለም። ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል፣ የበልጉ ዝናብ አይታመንም፣ አፈሩ አሸዋማና ቀላል ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። በዚያ ላይ ከተማዋን ለንፋስ ኃይል ማመንጫ ያስመረጣት ንፋስ አለ። ንፋስ ቅጠል በማድረቅ ከፀሐይ አያንስም፤ በደመናማ ቀን እንኳ ችግኝ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ውሃ ማጠጣት የሚያስበው መጋቢት ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ነው። ያኔ አፈሩ እስከ ታች ስለደረቀ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው አፈሩን ለማርካት ይውላል፤ ለሥሩ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ዋናው ሥራ መሬቱ የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ መሠራት አለበት፤ የክበቡ አባላትም በዓመቱ ብዙ ጉልበት ያፈሰሱት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

በቅድሚያ በየችግኙ ዙሪያ ያለው አረም ተነቀለ፣ መሬቱም በስሱ ተኮተኮተ። ኩትኮታው ከሦስት ጣት በላይ ከጠለቀ ላይ ላዩን ያለውን ሥር ይቆርጣል። ከዚያ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ርቆ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ የአፈር ግድብ ተሠራ። ተዳፋቱ ላይ ላሉት ችግኞች ግድቡ ሙሉ ክብ ሳይሆን አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ድንገተኛ ዝናብ ቢመጣ ጎርፉን ይቀበላል። ፓፓያ ግን ይለያል። አንገቱ ላይ ውሃ ከቆመበት ስለሚበሰብስ ግንዱ ሥር አፈር ከፍ ተደርጎ ይደለደላል፣ ውሃውም ዳር ዳሩን ብቻ ይይዛል።

ቀጥሎ እርጥበቱን እንዲይዝ በችግኙ ዙሪያ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ነው። የጤፍ ጭድ ለመኖና ለጭቃ ምርጊት ስለሚፈለግ ውድ ነው፤ ቢገኝም ብቻውን ሲነጠፍ ተጣብቆ ውሃ አላስገባ ይላል። የግቢው ሣርና በስንዝር ቁመት የተከረከመ የበቆሎ አገዳ ተቀላቅሎ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ውፍረቱ አራት ጣት ነው። ከዚያ ከሳሳ ፀሐዩ ያልፈዋል፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ የሚጠጣውን ውሃ ራሱ ይጠጣዋል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ገደማ ባዶ ይተዋል፣ ምክንያቱም ምስጥ አለ። ምስጥ ደረቅ አገዳ ተከትሎ ይመጣና ግንዱ ላይ ቀጭን የጭቃ መሿለኪያ እየሠራ ከሥሩ ያለውን ልጥ ይልጣል። አባላቱ በየሳምንቱ ይህን ጭቃ በጣታቸው እየፈቀፈቁ ያራግፋሉ፣ በግንዱ ዙሪያም አንድ እፍኝ አመድ ይበትናሉ። አመድ ከራሰ ጉልበቱን ስለሚያጣ ውሃ በተጠጣ ማግስት ይታደሳል። ግን እፍኝ ማለት እፍኝ ነው፤ ሲበዛ አፈሩ ብረት ለተክሉ እንዳይሰጥ ያደርግና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል።

አሁን ወደ ውሃው። ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ ማፍሰስ ለተማሪው ደስ የሚል፣ ለተክሉ ግን ጎጂ ልማድ ነው። ሁለት ጣት ያህል አፈር ብቻ ይረጥባል፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይደርቃል፣ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ላይ ላዩን ይቀራል። የዘንድሮው መጠን ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነበር፤ አፈሩ አሸዋማ በሆነበት በኩል ለሁለት ተከፍሎ 10፣ 10 ሊትር በሦስትና በአራት ቀን ልዩነት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሊትር ፈሶ እስኪሰርግ ይጠበቃል፤ በጣም የደረቀ አፈር ውሃ በአንዴ አይቀበልም፣ ይገፋዋል።

ውሃው የት እንደደረሰ በዓይን አይታይም። ለዚህ የሚያገለግለው አንድ ሜትር የሚሆን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ (የግንባታ ብረት) ነው። ውሃው ከፈሰሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፌሮው በእጅ ብቻ ሲገፋ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና ደረቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። 40 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ይበቃል። 15 ላይ ከቆመ ውሃው አንሷል ወይም ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ግድቡ መታየት አለበት።

የደረቁ ችግኞችም ነበሩ፤ ለምን እንደደረቁ ለማወቅ እየተነቀሉ ታይተዋል። ከመካከላቸው በደንብ የሚጠጡ፣ ዙሪያቸው ያለው አፈር ጨብጠው ሲለቁት የማይፈርስ እርጥብ የነበሩ ይገኙባቸዋል። ሲነቀሉ ግን ጥቁሩ የፕላስቲክ ከረጢት ጨርሶ አልወለቀም፤ ውስጡ ያለው አፈር እንደ ዱቄት ደርቆ ሥሩ ታች ላይ ተጠምዝዟል። አንዳንዱ ላይ ፕላስቲኩ ወልቋል፤ ጥምዝ ሥሩ ግን እንዳለ ተቀብሯል፣ ከዚያም ጥምዙን ሳይፈታ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ሐምሌ ተከላ ከረጢቱ ታች በምላጭ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከነጥምዙ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጎኑ ተሰንጥቆ ይወጣል።

በአትክልቱ መደብ ላይ የሸክላ ማድጋ ከመሬት ውስጥ ተቀብሯል። ይህ ዘዴ ውሃ ቆጣቢ ነው፤ የሸክላው ቀዳዳዎች ውሃውን የሚያወጡት አፈሩ በሳበው መጠን ስለሆነ የሚባክን የለም። ማድጋው ግን ያልተሟሸ መሆን አለበት፤ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ተደፍኗል። ከመቅበር በፊት ማታ ውሃ ይሞላና ያድራል፣ ጠዋት ውጭው ላይ ላብ ካልታየ ይመለሳል። እስከ አንገቱ ይቀበርና አፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይቀራል፤ ትንኝ እንዳይራባበትና ውሃው እንዳይተን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። ዙሪያውን በአንድ ስንዝር ርቀት ሦስት ወይም አራት የቲማቲም ችግኝ ይተከላል። ውሃው ከግማሽ በታች ሳይወርድ መሞላት አለበት፤ በየጊዜው ባዶ ሲቀር ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው እየጋገረ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ማድጋ ላልተገኘበት መደብ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡ ተቆርጦ፣ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶና ከውስጥ ጨርቅ ተደርጎበት በአፉ ተተክሏል። ጨርቁ ከሌለ ደለል በቀናት ውስጥ ይዘጋዋል፤ ቀዳዳው የምስማር ያህል ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሊትር ወዲያው ያልቃል።

ተማሪዎች እጅ የሚታጠቡበት ውሃ በባልዲ ተጠራቅሞ ለዛፎቹ ይውላል። ቀላል ሳሙና ያለው ችግር የለውም፤ በረኪና የገባበት፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ያለበት ወይም ጨዋማ የማብሰያ ውሃ አይፈቀድም። ማድጋ ውስጥ ግን የትኛውም የሳሙና ውሃ አይገባም።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወላጆችም ጭምር የሚጠይቁት የቀትሩን መጠውለግ ነው። ጎመንና ዱባ ቀትር ላይ ቅጠላቸው መጠውለጉ ከሙቀት መከላከያቸው ነው፤ ማታ ቀና ካሉ አልተጠሙም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይም ከጠወለጉ ያኔ ውሃ ይፈልጋሉ። የቲማቲም ፍሬ ከታች ጠቁሮ ሲበሰብስም መድኃኒት መርጨት አይረዳም፤ አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሌላ ጊዜ ማስጠማት ካልሲየም ወደ ፍሬው እንዳይደርስ ስለሚያደርግ የሚመጣ ነው። ለሰላጣና ለቆስጣ በምዕራብ በኩል ዝቅ ያለ የሣር ዳስ ተሠርቷል፣ ግማሽ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሳስቶ። የወጣት ማንጎና አቮካዶ ግንዶችም ፀሐይ ልጣቸውን እንዳይሰነጥቀው ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ኖራ ተቀብተዋል፤ አንድ ኪሎ ኖራ በሁለት ሊትር ውሃ፣ ተጣርቶ።

ዩሪያ በእነዚህ ወራት ተከልክሏል። ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ለጋ ቅጠል ብዙ ውሃ ይጠይቃል፣ ውሃው ደግሞ የለም። ያልበሰለ ፍግም ያው ነው፤ ሥር ያቃጥላል።

አስቸጋሪው ነገር ተክሉ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የገና፣ የመንፈቀ ዓመቱና የፋሲካ እረፍቶች ሁሉ በደረቁ ወራት ይውላሉ። ችግኞቹ ቁጥር ሳይኖራቸው በፊት በእነዚህ እረፍቶች አንዱ ቡድን ያጠጣውን ሌላው ይደግመው ነበር፣ የመጨረሻው ረድፍም ይዘለል ነበር። አሁን እያንዳንዱ ችግኝ በቆርቆሮ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የታሰረው ከጎኑ በቆመው እንጨት ላይ ነው፤ ሽቦ ግንድ ላይ ከታሰረ ዛፉ ሲወፍር ይቆርጠዋል።

የሚቀጥለው ዓመት የጉዝጓዝ ሣር ዘር ሳይቋጥር መታጨድ ስላለበት የአጨዳው ተራ የሚወጣው በመስከረም የመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ነው። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ማጭድ ይዞ ይምጣ፤ ፌሮው ክበቡ ጋ አለ።