364 ቀን

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ጠልቼሽ አይደለም። ብደውል «ማሙሽስ?» ማለትሽ አይቀርም፤ «ደህና ነው» ብዬ መዋሸት አቃተኝ።

ያ አዝለሽ ያሳደግሽው የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሰው ቤት ሰብሮ ላፕቶፕ ይዞ ሲወጣ ተያዘ። እማዬ የሰማች ለት ድፎ ዳቦዋን ጋግራ፣ «ሽማግሌ ፈልጉልኝ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ» አለች። ጠበቃው «እንዳትሞክሩት!» ብሎ አስቆመን። ዳኛው ማሙሽ እዚያ ቤት ድርሽ እንዳይል አዘዋል፤ እኛ ብንሄድ ደግሞ ምስክር ልናባብል እንደሞከርን ሊቆጠርብን ይችላል። መዝገቡ ላይ ከሳሹ ኮመንዌልዝ ኦፍ ቨርጂኒያ፣ ማለት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ራሱ ነው፤ የተሰረቁት ሴትዮ ምስክር ብቻ ናቸው። እማዬ «ቨርጂኒያን ደግሞ ምን አደረጋት?» ብላ እርፍ! ዳቦውን ጎረቤት በላው።

ጠበቃውን ያቆመለት መንግሥት ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ 1963 ከወሰነው የጌዲዮን ጉዳይ ወዲህ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ያለ ጠበቃ አይቀርብም። ክርክር ግን በፊልም ነው ያለው። በክፍላተ ግዛቱ ጥፋተኛ ከሚባሉት ከ100 94ቱ ራሳቸው አምነው እንደሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጅ 2012 ጽፏል። የኛም ነገር ኮሪደር ላይ በቁም አለቀ። ዓቃቤ ሕጓ ክሱን ወደ ቀላል ስርቆት አውርዳ «12 ወር በገደብ» ስትል እልል ልንል ምንም አልቀረን። ጠበቃው ግን የማሙሽን ግሪን ካርድ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ለካ በፈረንጅ 1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በስርቆት አንድ ዓመት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ በገደብም ቢሆን፣ አንድ ቀን ሳይታሰር ለመባረር ይዳረጋል። 364 ቀን ከሆነ ያ አንቀጽ አይነካውም። ሰውዬው መርካቶ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ሲሄድ ሲመለስ ቆይቶ አንዲቷን ቀን አስቀነሳት። እግዜር ይስጠው፤ ያቺ ቀን ባትጎድል ልጁ ቋንቋውን በረሳው አገር ቦሌ ላይ ሊራገፍ ይችል ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማሙሽ የላፕቶፑን ዋጋ ከፈለ፣ ለዳኛው «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ለሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ሽምግልናችንም ስንቱን ጉድ እንደሸፋፈነ አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ። ቢሆንም የበደለና የተበደለ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ያለቀ ነገር ለኔ አላለቀም።

ሴትዮዋ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ስንወጣ እማዬ በሩ ጋ ዞር አለችና ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። ሽማግሌ የላከች ያህል ቆጥራው እንደሆነ እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንስታ አታውቅም።

ማሙሽ አሁን ጋራዥ ይሠራል። እሁድ በናንተ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እሱም አጠገቤ ይሆናል፣ እንዳልሰማ ሁኚለት።