ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀርስ ማን ይቀበለናል?

ግልጽ ደብዳቤ
ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የመካንነት ሕክምና ያልተሳካላቸውን ባልና ሚስት የሚቀበል አገልግሎት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። ባለትዳር ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችን። ልጅ የለንም። አዲስ አበባ ሄደን አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላል ከሴቷ ተወስዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከወንዱ ዘር ጋር ተዋሕዶ ወደ ማህፀን የሚመለስበትን ሕክምና፣ ሞክረን ነበር፤ አልያዘም። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ሆዴ ስለባሰው ብቻ አይደለም። በዚህ ዞን እንደኔ ያሉ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ተደብቀው ይሄዳሉ፣ ተደብቀው ይመለሳሉ። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት ውስጥ ግን የሉም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ደብረ ብርሃን ላይ የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል ይከፈትልን ልል አይደለም። ቢከፈት እልል እላለሁ፤ ነገር ግን ቤተ ሙከራው፣ ባለሙያው፣ የማይቋረጥ መብራቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል። በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያው ማዕከል ራሱ ቅዱስ ጳውሎስ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚህ መንገድ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ አገር ከተወለደች ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መጠበቁን ለምደነዋል።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር የምንመለሰው ወደ እናንተ ነው። ያኔ ማን ይቀበለናል?

እስቲ ትንሽ ላሳይዎት። ለሕክምናው ከሚወጉት መርፌዎች አንዳንዶቹ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። ጎረቤታችን ያለች ባለምግብ ቤት ፈቀደችልንና ከአምቦ ውኃውና ከቢራው ጀርባ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን አስቀመጥናቸው። ለሠራተኞቿ "የስኳር መድኃኒት ነው፣ እንዳትነኩ" ብላ ነገረችልን። መብራት በጠፋ ቁጥር ባሌ ሄዶ ፌስታሉን በእጁ እየዳሰሰ መቀዝቀዙን ያያል። ሰዓቱ ዝንፍ የማይል መርፌም አለ። እንቁላሉ ከመወሰዱ 36 ሰዓት ገደማ በፊት ነው የሚወጋው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ ይውላል። ጣርማ በር በጉም ሲደፈን፣ ወይም መንገድ ሲዘጋ፣ ቀጠሮ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ውጤቱ የተነገረኝ በስልክ ነው። ሱቅ ውስጥ ደብተር እየቆጠርኩ ነበር። "እህቴ፣ ደሙ ኔጌቲቭ ነው። መድኃኒቱን አቁሚ፣ የወር አበባሽ ይመጣል" አለችኝ። ልጅቷ ትሁት ነበረች፤ ምን ትበለኝ? እኔም "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አልኳት። አንድ ተማሪ እስክሪብቶ ሊገዛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሸጥኩለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የእናንተ ድርሻ። ደሙ ሲበዛብኝ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሄድኩ። ካርዱ ላይ ስንተኛ እርግዝና፣ ስንት ወለድሽ፣ ስንት አስወረደሽ ይላል። ሦስቱም ላይ ዜሮ ተጻፈ። አይ ቪ ኤፍ ተደርጎልኝ ነበር ስላት ነርሷ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ማን አስተማራትና። ግን ወረፋዬን የጠበቅሁት የእርግዝና ክትትል አግዳሚ ላይ፣ ሆዳቸው ከገፋ እናቶች መሃል ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው "ያንቺስ ስንት ወሩ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ሰው ሲሞትብን እድር ድንኳን ይተክላል። ስንወልድ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለን ይጎርፋል። ይኼ ከሁለቱም የለበትም። ጭራሽ እንደ ነገር የማይቆጥረው ይበዛል። "ምን ጠፋብሽ፣ አላረገዝሽ!" ያለኝም ሰው አለ።

ለምን እንዳልያዘ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። በኋላ ሐኪም እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ ነው የገባኝ። አሥር እንቁላል ቢወሰድ ስምንት ያህሉ የበሰለ ሊሆን ይችላል። ከወንዱ ዘር ጋር የሚዋሃደው አምስት ወይም ስድስት ነው። የተዋሃደው ሽል ይባላል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ እስከ አምስተኛው ቀን የሚዘልቀው ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት፣ በጥሩ ማዕከል፣ አንድ ሽል ሲተከልላት ልጅ የመታቀፍ ዕድሏ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ይወርዳል፤ ከ43 በኋላ በራሷ እንቁላል ከሆነ ከ20 አንድም ላይሞላ ይችላል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስልኩ ሲደወል መሬት አይከዳኝም ነበር። ሐዘኑ አይቀርም። ድንጋጤው ግን ይቀንስ ነበር።

ሽሉ የማይዘልቅበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ክሮሞዞም፣ ማለትም ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን ዘረመል የሚይዘው ክፍል፣ ነው። የክሮሞዞም ቁጥሩ የተዛባ ሽል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያማረ ሊመስል ይችላል። ማህፀን ውስጥ ግን አይቆይም። ይህ የሚወሰነው ገና እንቁላሉና ዘሩ ሲሠሩና ሲዋሃዱ ነው። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ በሠራችው ወይም ባልሠራችው ነገር አይመጣም።

በኛ ሰፈር ግን ምክንያት ሞልቷል። ጀሪካን አንስተሽ ነው። አውቶቡሱ ነቅንቆሽ ነው። ዓይን በልቶሽ ነው። አማቴ፣ የምትወደኝ ሴት፣ "ምነው ልጄ፣ ተኝተሽ ብትከርሚ ኖሮ" እያለች እስካሁን ትቆጫለች። ተኝቶ መክረም እንደማይጠቅም ተጠንቷል። የማህፀን ግድግዳ ፊትና ኋላው የተጋጠመ ነው፤ ሴት ስለቆመች ወይም ስለተራመደች ሽል አይወድቅም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አማቴ ፊት ቢናገርልኝ ምን ነበረበት? እኔ ብናገር ሰበብ ይመስላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችን መጥታ ታውቃለች። ስለ መፀዳጃ ቤቱ ጠየቀችን፣ ስለ አጎበር ጠየቀችን። ስለ ክትባት ልትጠይቅ ጀመረችና ልጅ እንደሌለን ትዝ ሲላት ደብተሯን አጠፈች። ጨዋ ልጅ ናት፤ አፈረች። ያኔ የምትጠይቀው ሌላ ጥያቄ ደብተሯ ላይ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ልጅ ፈልጋችሁ ዓመት አልፏችኋል? ሁለታችሁም ተመርምራችኋል? እነዚህን መጠየቅ በጀት አያስወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በሕይወት ዘመኑ መካንነት የሚገጥመው ከስድስት ሰው አንዱ ነው ብሏል። ስለዚህ ጥቂት ሰው የሚመለከት የሀብታም በሽታ አይደለም።

"ሁለታችሁም" ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ችግሩ ወንዱም ጋ አለ፤ አንዳንዴ እሱ ጋ ብቻ ነው። ምርመራው ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ዕቃ፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ነው የሚፈልገው። እኛ ዘንድ ግን ሴቷ ዓመት ከዓመት ትመላለሳለች፣ ወንዱ አንዴም አይታይም። ሁለተኛ አግብቶ ከሁለተኛዋም ሳይወልድ "ዕድሌ ነው" የሚል አለ። የመጀመሪያዋን ማን ይካሳት?

የኔ ባል ፈቃደኛ ነበር። ናሙና እንዲሰጥ የተላከው ሽንት ቤት ነው፤ በሩ አይቆለፍም። ወጥቶ "ሁለተኛ እዚህ አልመጣም" አለኝ። እኔ ደግሞ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ እሱም በኋላ ሳቀ። የሚቆለፍ በር ያለው አንዲት ጠባብ ክፍል ግን በየሆስፒታሉ ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ከደብረ ብርሃን ሳይወጡ የሚሠራ ሌላም አለ። ብዙ ሴቶች አይ ቪ ኤፍ የሚያስፈልጋቸው የማህፀን ቱቧቸው ስለተዘጋ ነው። ቱቦ የሚዘጋው ደግሞ ባልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ውርጃ ወይም ወሊድ በሚመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም በቲቢ ነው። ይህን ማከም ድሮም የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ቱቦው ፈሳሽ ቋጥሮ ካበጠ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየወረደ የአይ ቪ ኤፍን ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መጀመሪያ ቱቦውን ማስወጣት ወይም ማስቋጠር ዕድሉን ይመልሳል። በሬ ሸጦ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ ገበሬ ይህን ሳይነሳ ቢያውቅ ይጠቀማል። የመንዝ ሰው ከመሐል ሜዳ ወርዶ፣ የመርሐቤቴው ከዓለም ከተማ ተነስቶ ያንን ሁሉ መንገድ መጥቶ "መጀመሪያ ይህን ተመርመሪና ተመለሽ" ሲባል አስቡት።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል ልበል፤ ሰዎች ከሕክምና ጋር ያጋጩታልና። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጃለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ። እዚያ "ጥፋቱ የማንኛችሁ ነው?" ያለኝ የለም። መድኃኒቴንም በሰዓቱ ወስጃለሁ። የሚያስፈራኝ "ማህፀን አጥባለሁ" እያለ ያልታወቀ ነገር የሚሰጠው ነው። ያልተሳካላት ሴት በቀላሉ የምትወድቀው እዚያ ነው፤ የሚያናግራት ሌላ ሰው ስለሌለ።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። በየሆስፒታሉ አንዲት አዋላጅ ወይም ነርስ ይህን ጉዳይ እንድታውቅ ትሠልጥን። ስሟ ይታወቅ። ከእርግዝና ክትትሉ ወረፋ ለይታ ታስገባን። እንቁላል ከተወሰደላት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ሽንቷ ቀንሶ የመጣች ሴት አስቸኳይ መሆኗን ትወቅ፤ "ጨጓራ ነው" ተብላ አትመለስ። የእርግዝና የደም ምርመራ ውጤቷ ትንሽ ከፍ ብሎ የወረደ ሴት ሆዷን በአንድ በኩል ካመማት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን እንደሚችል ትጠርጥር። እንቅልፍ አለሽ ወይ ብላ ትጠይቅ። ምግብ መብላት ያቆመች፣ መሞት ይሻለኛል የምትል ካለች ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ትላካት። ሆርሞኑ በአንዴ ሲቋረጥ ከሐዘኑ ጋር ተደምሮ ሰው ያጎሳቁላል፤ እኔ ሳምንታት ፀጉሬን አላበጠርኩም።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት። ለምን እንደማይይዝ ይናገር፣ በእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ይናገር። ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለባትም ይንገራት፦ ለሌላ ጊዜ በቅዝቃዜ የተቀመጠ ሽል ተርፏል ወይ፣ መድኃኒቱ ይቀየር ወይ፣ ማህፀኔና ቱቦዬ በደንብ ታይተዋል ወይ፣ የባሌ ውጤትስ? ድጋሚ መሞከር እንደሚቻል ይጻፍ። ማቆም እንደሚቻልም ይጻፍ፤ ይህን የሚነግረን ሰው የለም። ዘመድ ሁሉ ገና በሳምንቱ "ጉዲፈቻ ውሰዱ" ይላል። ጉዲፈቻ ክቡር ነገር ነው፤ ነገር ግን የሐዘን ማስረሻ ተደርጎ መቅረብ የለበትም፣ ለሚመጣውም ልጅ አይገባም።

አንዲት አስተማሪ ወዳጄ ከሕክምናው ስትመለስ ለርዕሰ መምህሩ "ታይፎይድ ነበረብኝ" አለች። እውነቱን የሚጽፍላት ቢኖር እንኳ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ወረቀቱ ለእንደዚህ ዓይነቷም ነው፤ ማንንም ሳታናግር አንስታ እንድትሄድ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ወረቀቱን ለማዘጋጀት የሚረዳ ሰው ከተፈለገ እኔም ባሌም አለን። ፎቶ ኮፒውን ከሱቃችን በነፃ እናነሳለን፣ ቶነሩ እስካለ ድረስ። መልስዎ ለኔ በደብዳቤ ባይደርስም ቅር አይለኝም። ለሆስፒታሎቹና ለጤና ጣቢያዎቹ በሰርኩላር ይድረስልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደብረ ሲና ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ባሕር ዳር