አንድ ገጽ ላይ 17 በ17 ሴንቲ ቦታ ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ኮንቴነር ሱቅ ማመልከቻ የምተይብ፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ሁሌም አነባለሁ፣ ስለ ቴክኖሎጂ የምትጽፉትንም አልዘልም፣ ግን የምትጽፉት ነገር በሙሉ የሚገዛ ነገር ነው፣ የሚሠራ ነገር የለበትም። ዛሬ አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ፣ የኮምፒውተር ሳጥን ራሱ ለሚሠራ ሰው ልኩን በትክክለኛ መጠኑ እንድታትሙልን ነው፣ ልመናው አጭር ነው ምክንያቱ ግን ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ሱቄ ማታ ጥበቃ ስለሌላት ኮምፒውተሬን በየቀኑ ተሸክሜ ነው ቤት የምገባው። የድሮው ኬዝ፣ ማለት የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ቁመቱን በወርዱ በጥልቀቱ አባዝቼ ሳየው 40 ሊትር ሆነ፣ ሁለት የውሃ ጀሪካን ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ውስጡ ግማሽ በግማሽ ባዶ አየር ነው። ሰው ሁሉ ላፕቶፕ አትገዛም ወይ ይለኛል፣ እሺ ግዙልኝ ነው መልሴ። እኔ ያገኘሁት አንዲት ያገለገለች ሚኒ አይቲኤክስ የምትባል ትንሽ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ማለት ነው፣ ይሄ ቪያ የሚባለው ካምፓኒ በ2001 ያወጣው ልክ ነው፣ 17 ሴንቲ በ17 ሴንቲ፣ በቃ ከእንጀራ ሩብ ብዙም አይበልጥም። የኔዋ ደግሞ በላፕቶፕ ቻርጀር በ19 ቮልት የምትሠራ ስለሆነች ፓወር ሰፕላይ አትፈልግም፣ 220ው ቮልት ከሳጥኑ ውጪ ይቀራል። የጎደላት ልብስ ብቻ ነበር፣ ልብሱን ደግሞ እዚሁ እንሰፋዋለን አልኩ።

መጀመሪያ በካርቶን ሠራሁት፣ የብስኩት ካርቶን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ቦርዷን አስገብቼ፣ ኬብሎቹን ሰክቼ አየሁ፣ እንደዚህ ሳላደርግ ብጀምር ኖሮ የዩኤስቢ ገመድ የሚታጠፍበት ቦታ ትዝም አይለኝ ነበር። 20 በ20 በ9 ሴንቲ ሆነ፣ 3.6 ሊትር፣ ከአምስት ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ያነሰ! ከዛ በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ ጋሼ ጋ ሄጄ አንድ ሚሊ ውፍረት ያላት የላሜራ ቁራጭ ለመንኩ፣ ሳቁብኝ፣ ግን ሰጡኝ፣ ማጠፊያቸው ላይም ራሳቸው አጠፉልኝ። ላሜራ ሲታጠፍ ከልኩ ላይ ትንሽ እንደሚበላ ወይ እንደሚጨምር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ውስጡን ነው የምትለካው ውጪውን አሉኝ፣ እኔ እኮ አስቤውም አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ፣ ቀዳዳዎቹ። ማዘርቦርዱ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ እኔም አራት ቀዳዳ ካለ አራት ማዕዘን ነው ብዬ በማስመሪያ አሰመርኩና በድሪል በሳሁት። ሦስቱ ልክ ገቡ አራተኛው አልገባም። ለካ አራት ማዕዘን አይደለም! በወርዱ በኩል 157.48 ሚሊ ነው፣ በአንዱ ጎን 154.94 ሚሊ፣ በሌላው ጎን ግን 132.08 ነው፣ ምክንያቱም ከኋላ ካሉት ሁለቱ አንዷ፣ ካርድ ከሚሰካበት ጎን በተቃራኒው ያለችው፣ 22.86 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብታለች፣ ይሄ ከድሮው ከትልቁ የማዘርቦርድ ልክ፣ ከኤቲኤክስ፣ የወረሰችው ነው። ሲያዩት ተራ ስህተት ይመስላል፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ ላሜራ አበላሸሁበት፣ ጋሼም ሌላ ቁራጭ ሲሰጡኝ አልሳቁም።

ሁለተኛውን ጊዜ ብልጥ ሆንኩና ስዕሉን ከኢንተርኔት አውርጄ ፕሪንት አድርጌ ላሜራው ላይ ለጥፌ በሚስማር ጫፍ እየመታሁ ምልክት አደረግኩ። አሁንም አልገጠመም። ብለካው 17 ሴንቲ መሆን የነበረበት 16 ሴንቲ ተኩል ወጥቷል፣ ፕሪንተሩ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃለት ብሎ በራሱ ጊዜ አሳንሶታል። እንግዲህ አስቡት፣ በፕሪንት እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፣ በዓመት ስንት ሺህ ገጽ አትማለሁ፣ አንድም ቀን ያተምኩትን በማስመሪያ ለክቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ገጠመ። ሌላው ነገር እንደዛ አላስቸገረኝም፣ ባይሆን ማብሪያውን ልንገራችሁ፣ የበር ደወል መጫኛ ነው፣ ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ ማንኛውም ቁልፍ ይሆናል፣ ቦርዱ የሚፈልገው ሁለት እግር ለአንድ አፍታ እንዲነካኩ ብቻ ነው። የፊቱን መተንፈሻ ከእማዬ ወንፊት ቆረጥኩት፣ እስካሁን ይቅርታ አላደረገችልኝም። ከቦርዱ ስር ቢያንስ 6 ሚሊ ክፍተት ያስፈልጋል፣ ካለበለዚያ የጀርባው ብየዳ ላሜራውን ነክቶ ያቃጥላል፣ ለዚህ የሚሆኑትን የነሐስ ማቆሚያዎች ከተጣለ ኬዝ ፈታሁ። ብሎን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ፣ ኤም 3 እና በኢንች የተሠራው ወፍራም ጥርሱ አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ አንዱን በአንዱ በካቻቪቴ ካስገደዳችሁት ጥርሱን ይበላዋል። ደግሞ ቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ድሪል አታንሱ፣ የብረት ብናኝ በአይን የማይታይ ቦታ ይገባል። ቻርጀር ሳይሆን ፓወር ሰፕላይ የምትጠቀሙ ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለባትን የመሬት ገመድ ከሳጥኑ ብረት ጋር ሳታስሩ ሶኬት ላይ አትሰኩ፣ እሱንም ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትፍቱት፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ አለ።

ስለ ሙቀት ደግሞ የሚገርም ነገር አየሁ። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ፋኑ፣ ማቀዝቀዣው ማራገቢያ፣ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀለል ያለ ነው፣ ግን ብርዳችን ይክሰዋል፣ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ውስጥ ፋኑ መዞሩንም አልሰማ። ይሄንኑ ሳጥን ለአክስቴ ልጅ ሠርቼ ሸዋሮቢት ላክሁለት። እሱ ያለበት ከኛ 1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ይሻለዋል ብዬ ነበር። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እየጠፋ አስቸገረው። የሱ ክፍል አየር ራሱ ትኩስ ነው፣ ትኩስ አየር ቢወፍር ምን ይሆናል፣ አቧራውም የኛ አይነት አይደለም። ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርጄ ሄጄ ሆዱ ላይ ሌላ መተንፈሻ ከፈትኩለት፣ እግሩን ደግሞ ከበረባሶ ጫማ ቆርጬ ሁለት ሴንቲ ከፍ አደረግኩት፣ ጎማ ስለሆነ የፋኑንም ንዝረት ይውጠዋል። ከዛ ወዲህ አልደወለም፣ ያው ሲበላሽ ብቻ ነው የሚደወለው።

ከላሜራ ይልቅ በእንጨት ብትሠሩስ ላላችሁኝ፣ ዋንዛ ሞክሬያለሁ፣ ያምራል፣ በሐምሌ ግን አበጠና ክዳኑ አልከፈት አለ።

እንግዲህ ልመናዬ። ሳጥኗን በብብቴ ይዤ ስሄድ ያዩ ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩም አሉ፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ የመጡም አሉ፣ እንዴት ነው የሚሠራው እያሉ ሱቄ ይመጣሉ። ላሜራው በየከተማው አለ፣ የሚያጥፍ ባለሙያ በየከተማው አለ፣ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ይሄ አያቅተውም። የሌለው ልኩ ነው። ፒዲኤፍ ብልክላቸው የኔው ጣጣ ይደርስባቸዋል፣ እያንዳንዱ ፕሪንተር እንደ ባህሪው ነው የሚያትመው። የናንተ ጋዜጣ ግን አንዴ ከታተመ አንኮበር የደረሰውም መሐል ሜዳ የደረሰውም እኩል ነው፣ ገጻችሁ ደግሞ ሰፊ ነው፣ 17 በ17 ግማሽ ገጽ አይሞላም። የቦርዱን ልክ ከነአራት ቀዳዳው፣ ከሱ ጎን ደግሞ የኋላውን መሰኪያ ቀዳዳ 158.75 በ44.45 ሚሊ፣ እና የ8 ሴንቲ ፋን ቀዳዳዎችን፣ እሱ እውነተኛ አራት ማዕዘን ነው በየጎኑ 71.5 ሚሊ፣ በትክክለኛ መጠናቸው አትሙልን። አንባቢ ቆርጦ ላሜራው ላይ ለጥፎ በሚስማር ይምታው። ስዕሉን እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ከስዕሉ ስር ልክ 10 ሴንቲ የሆነች መስመር ይኑርበት፣ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊትም የመጀመሪያዋን ቅጂ በማስመሪያ ለኩልኝ። በሚሊ ካጠረች አትሙት ይቅር፣ የሰው ላሜራ እናበላሻለን።

አክባሪያችሁ
ባለ ኮንቴነሩ፣ ከደብረ ብርሃን