የወንድሜ ደመወዝ የቆመው በየትኛው ቀን ነው?

ለክቡር ኃላፊው፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጠራም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ። ማመልከቻዎቼ እርስዎ ጋ ናቸው። በግል ስጽፍ መልስ ስለጠፋ፣ አሁን ሰው እየሰማ ልጻፍልዎ።

ወንድሜ የወደቀው ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው፣ ግንቦት 1992 ዓ.ም.። የተሰጠን ወረቀት «ለአገሩ ክብር ሲዋጋ ተሰውቷል» ይላል። የት? አይልም። በየትኛው ቀን? አይልም። የአያታችን ስም ደግሞ ተሳስቷል። በ«ኃ» መጻፍ የነበረበት በ«ሀ» ተጽፏል። ሰው ሲያነበው ያው ነው። የእናንተ ኮምፒውተር ግን እንደ ሰው አያነብም።

በቅርቡ ይህንኑ ላሳርም መጣሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ስሙን ፈልጎ አጣው። «የሰሜኑ ነው?» አለኝ። የባድመው ነው አልኩት። «እሱማ በጣም ቆይቷል እናት» አለ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ያኔ ገና አልተወለደም። ወደ አለቃው መራኝ። አለቃው ወረቀቱን ከእኔ መታወቂያ ጋር አስተያየና «ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ከፍርድ ቤት ማስረጃ አምጪ» አለኝ።

ሁለት ከሆኑማ አንዱን መልሱልን ልለው ነበር። ዋጥኩት።

ፋይሉ ላይ ስለሌለ፣ ያ አንድ ልጅ ማን እንደነበር እኔ ልንገርዎ። ያደገው ደሴ ነው። የሰፈሩ የተበላሸ ሬዲዮና ቴፕ ሁሉ የሚመጣው እኛ ቤት ነበር። ብየዳው ከሰል ላይ በጋለ ሚስማር ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ደርድሮ ነፍስ ሊዘራበት ይታገላል። እናቴ «ቤቴን ጋራዥ አደረገው» እያለች ትጮህበታለች። ዞር ሲል ግን ለጎረቤት «መሐንዲሱ» እያለች ነው የምታወራው። ማትሪክ አልመጣለትም። በ1991 ተመዘገበ፤ ብር ሸለቆ ሰልጥኖ ወደ ግንባር ሄደ። ከዚያ በላከው ደብዳቤ «የሻምበላችንን ሬዲዮ ጠገንኩ፣ ይኸው አሁን አሸከሙኝ፣ እጄን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር» ብሎ አስቆን ነበር። ሃያ ዓመቱ ነበር።

አብሮት የነበረ ልጅ ከጦርነቱ በኋላ ቤት መጥቶ፣ በዛላምበሳ በኩል ሬዲዮውን እንዳዘለ እንደወደቀ ነገረን። ቀኑን ግን አያስታውስም። ያን ሰሞን ቀንና ሌሊቱ ተደበላልቆብን ነበር አለ። ቄሱ ለሙት ዓመቱ ቀን ሲጠይቁ እናቴ ግራ ገባት። በመጨረሻ ግንቦት ሚካኤልን መረጠች። በኋላ ሳጣራ ዛላምበሳ በእኛ ጦር የተያዘችው ከግንቦት 12 በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ጸሎተ ፍትሐት ስናስደርስለት የኖርነው፣ ምናልባት ምሽግ ውስጥ ሻይ እየጠጣ በነበረበት ቀን ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እርስዎ ግን ይወቁልኝ።

ቀኑ አልተመዘገበም አይበሉኝ። ወታደር ሲጎድል ከስንቅ ይቀነሳል፣ ከደመወዝ ዝርዝር ይወጣል። የጓድ መሪ ለጋንታ፣ ጋንታ ለሻምበል ሪፖርት ያደርጋል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ታዲያ ደመወዙ የቆመው በየትኛው ቀን ነው? እናቴ ለጡረታዋ በሕይወት መኖሯን እንድታረጋግጥ ትጠየቃለች። ቀርባ ታረጋግጣለች። እናንተስ የእሱን መሞት በቀኑ ማረጋገጥ እንዴት ያቅታችኋል?

ስለ ባድመ ብዙ አልልም። ሚያዝያ 1994 ላይ ተፈረደልን ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረን፣ በኋላ ግን ለኤርትራ የተፈረደ ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ 2010 አሥመራ ላይ ሰላም ሲፈረም እኔም እልል ብያለሁ፤ የማንም እናት ልጅ ዳግም እንዲሞት አልፈልግም። ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል የሞቱትን ስም ዝርዝር ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ኤርትራ 19,000 ሞቱብኝ ብላለች። የኛን ቁጥር መንግሥት በይፋ ነግሮን አያውቅም። ኮሪያ ዘምተው የወደቁት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ስም ደቡብ ኮሪያ ቡሳን በሚገኘው የመንግሥታቱ ድርጅት መካነ መቃብር የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የሰው አገር ሰው ሄዶ ያነበዋል። ወንድሜ እዚሁ አገሩ ላይ ወድቆ፣ ስሙ ያለው በእኛ ሳጥን ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ተሳስቶ።

ያን ቀን አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው በ2013 ነው የጠፋው። እሳቸው ወረቀትም የላቸውም። «አንቺስ ስንት ጊዜሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ፍርድ ቤት አልሄድም። ስህተቱን የጻፈው መሥሪያ ቤትዎ ነው፣ የሚያርመውም እሱ ነው። ወንድሜ የወደቀበትን ቀን፣ ቦታውንና የተቀበረበትን የሚገልጽ ደብዳቤ በፊርማና በማኅተም እፈልጋለሁ። የማታውቁት ከሆነም «አናውቅም» ብላችሁ ጻፉ። እሱም ላይ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት።

የሟች እህት