ወንዙ ላይ እንዳትወጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ወገብም ተሽሏታል። ጓደኛሽ የለጠፈችውን ፎቶ ግን አላሳየኋትም። በመጋቢት ወር ሪጋ ዳውጋቫ ወንዝ መሀል በረዶው ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ! እሙዬ፣ ሁለተኛ ወንዙ ላይ እንዳትወጪ።

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ ይወጣል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አንቺ ፍራንክፈርት ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ የምታውቂው ማይን ወንዝ ነው። በረዶ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ራስሽ ያሳየሽኝን ሥዕል አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሪጋ ስመጣ፣ ላትቪያዊው ሠዓሊ ቪልሄልምስ ፑርቪቲስ የተወለደበት 150ኛ ዓመት መታሰቢያ ኤግዚቢሽን ላይ እጄን ይዘሽ ያዞርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰውዬው ራሱ ከ1919 ጀምሮ በዳይሬክተርነት የመራው ሙዚየም ውስጥ ነው ሥዕሎቹ የተሰቀሉት። በረዶን ለማጥናት ብሎ በ1902 ሰሜን ዋልታ አጠገብ እስካለችው ስፒትስበርገን ደሴት ድረስ ሄዷል። ከሩቅ ነጭ የመሰለኝ በረዶ ቀረብ ስል ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ቢጫ ነበር። ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች ጎርፍ ውስጥ የቆሙበት ሥዕል ፊት ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ቆሜ፣ «አባዬ ደከመህ?» አልሽኝ። አልደከመኝም ነበር። ወንድሜን እያሰብኩ ነው።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ድገሚና ስሚ። የገበያ ቀን ነበር፤ በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዝናቡ የዘነበው ደጋ ላይ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ወንድሜ በቅሎዋን እየሳበ ገባና ዞሮ «ና፣ ጥልቅ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ደራሹ መጣ። በቅሎዋ ወጣች። እሱን ሦስት ቀን ፈለጉት፤ አላገኙትም። አያትሽ መቃብሩ ላይ ቆመው ሳያለቅሱለት ሞቱ።

ፑርቪቲስም የሞተው ከአገሩ ተሰዶ እዚህ ጀርመን፣ ባድ ናውሃይም ነው፣ ጥር 1945፤ ከእኛ ቤት በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከመሄዱ በፊት በ1944 «የልጋቫ» የምትባለው የላትቪያ ከተማ በጦርነቱ ስትጋይ ብዙ ሥዕሎቹ አብረው ነደዱ። የዕድሜ ልክ ሥራ! አጽሙን ግን በ1994 ወስደው ሪጋ፣ ሜዛ ካፒ በሚባለው መካነ መቃብር ቀበሩት። አያትሽ ይህን ቢሰሙ «እናቱ ታድላ» ይሉ ነበር።

ሰው ወጥቶበት ካልሰመጠ በረዶው ጠንካራ ነው አትበዪ። በዚህ ወር ላዩ እንደ ደረቀ ሆኖ ታቹን ውሃው ይበላዋል። ወንዙ ላይ አትውጪ፤ ሐይቅም ቢሆን ያው ነው። ሌላ ሰው ሲሰምጥ ብታዪ ተከትለሽ እንዳትገቢ፤ ወደ 112 ደውዪ።

በዚያ ሰውዬ እጅ የላክሁልሽ በርበሬ እርጥበት እንዳይነካው ማሰሮ ውስጥ ክደኚው። ጫማሽ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ግዢ፤ ገንዘቡን እልካለሁ። ፈተናሽን እንደምታልፊ አልጠራጠርም፤ ስለ ትምህርትሽ አንድ ቀን አሳስበሽኝ አታውቂም፣ የኔ ዓለም።

ለፋሲካ ስመጣ ሜዛ ካፒ ትወስጂኛለሽ፤ አበባውን እኔ እገዛለሁ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪልኝ፤ ግን ከሰዓት በኋላ፣ እናትሽ ሥራ ላይ ስትሆን። ወንዙ ላይ አልወጣም ብለሽ በአፍሽ ንገሪኝ።

አባትሽ